የቀድሞ ጉዞ ትዝታ የደከመ ወላጅን ስለምን ያጽናናል?

በአማርኛ «ማስታወስ» እና «ትዝ ማለት» አንድ አይደሉም። የመታወቂያ ቁጥሩን፣ የኒውተንን ሁለተኛ ሕግ ወይም የጎረቤቱን ስም ሰው ያስታውሳል፤ ይህም ፈልጎ የሚያደርገው ሥራ ነው። ትዝታ ግን ብዙውን ጊዜ ሳይጠሩት ይመጣል፤ ሲመጣም ስሜት ይዞ ይመጣል። ሰዋስዉም ልዩነቱን ያውቀዋል። «አስታወስሁ» ስንል የድርጊቱ ባለቤት እኛ ነን፤ «ትዝ አለኝ» ስንል ግን ባለቤቱ ነገሩ ራሱ ሲሆን እኛ ተቀባዮች እንሆናለን። ከአራቱ የታወቁ የኢትዮጵያ የሙዚቃ ቅኝቶች አንዱ በዚሁ ስም መጠራቱም ቃሉ በኑሯችን ውስጥ የያዘውን ስፍራ ያመለክታል።

በአውሮፓ የነገሩ አጀማመር ሌላ ነበር። በ1688 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ዮሐንስ ሆፈር የተባለ የሕክምና ተማሪ በባዝል ዩኒቨርሲቲ ባቀረበው የመመረቂያ ጽሑፍ «መመለስ» እና «ሕመም» የሚል ትርጉም ያላቸውን ሁለት የግሪክ ቃላት አዋሕዶ «ኖስታልጂያ» የሚለውን ስያሜ ፈጠረ። የሰየመውም ከአገራቸው ርቀው የሚኖሩ ስዊሳውያንን ያመነምናል ብሎ ያመነበትን በሽታ ነበር። ይሁን እንጂ ባለፉት ጥቂት ዐሥርት ዓመታት የተደረጉት ጥናቶች ወደ ሐኪሙ ሳይሆን ወደ አዝማሪው ያደላሉ። ትዝታ እንደ በሽታ ብቻ የሚታይ አይደለም፤ በብዙ ሰዎች ዘንድ መጠገኛም ሆኖ ተገኝቷል።

በዚህ ጽሑፍ ከትዝታ መልኮች አንዱን ብቻ ነጥለን እንመለከታለን። ይኸውም ሕፃን ልጅ በማሳደግ የደከመ ወላጅ በእኩለ ሌሊት ከዓመታት በፊት ያደረገውን ጉዞ እያሰበ የሚያገኘው መጽናናት ነው። አብዛኞቻችሁ ተማሪዎች እንደ መሆናችሁ ጉዳዩ ሩቅ ሊመስላችሁ ይችላል። ሆኖም ታናሽ ወንድም ወይም እህት ያላችሁ የቤቱን ሌሊት ታውቁታላችሁ። ከዚህም በላይ፣ ወደ ኋላ እንደምናየው፣ ከ20 ዓመት በኋላ ትዝ የሚላችሁ ነገር በብዛት የሚቀረጸው አሁን ባላችሁበት ዕድሜ ነው።

እንቅልፍ ያጣ አንጎል

የአዋቂ ሰው አንጎል 1.4 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። ይህ ከሰውነት ክብደት 2 በመቶ ገደማ ሲሆን ያረፈ ሰውነት ከሚጠቀምበት ኃይል ግን 20 በመቶውን ይወስዳል። በፊዚክስ መለኪያ ሲሰላ 20 ዋት አካባቢ፣ ማለትም የአንዲት ደካማ አምፖል ያህል ነው። ነቅተን በምንቆይበት ጊዜ ከዚሁ የኃይል ፍጆታ ጋር በተያያዘ አዴኖሲን የተባለ ኬሚካል በአንጎል ውስጥ ይጠራቀማል፤ ክምችቱም በጨመረ ቁጥር እንቅልፍ እንቅልፍ ይለናል። ቡና የሚያነቃን አዴኖሲኑን አስወግዶ አይደለም። ካፌይን አዴኖሲኑ የሚያርፍባቸውን የነርቭ ሴሎች ተቀባዮች ቀድሞ ስለሚይዝበት መልእክቱ ሳይሰማ ይቀራል እንጂ ክምችቱ እንዳለ ነው።

በ1982 አሌክሳንደር ቦርቤሊ የተባሉ ተመራማሪ እንቅልፍ በሁለት ሂደቶች መስተጋብር እንደሚመራ የሚገልጽ ሞዴል አቀረቡ። አንደኛው የቀንና የሌሊትን ዑደት የሚከተለው የሰውነት ሰዓት ነው። ሁለተኛው የእንቅልፍ ግፊት ሲሆን ስንነቃ ያድጋል፣ ስንተኛ ይወርዳል። የኤሌክትሪክ ትምህርት የወሰደ ተማሪ የዚህን ግፊት ኩርባ ሲያይ የሚያውቀውን ነገር ያያል፤ ካፓሲተር በሬዚስተር በኩል ሲሞላና ባዶ ሲሆን የሚከተለው ያው ኤክስፖኔንሻል ኩርባ ነው። አሁን ካፓሲተሩ ገና በከፊል ሳይራገፍ በየሁለት ሰዓቱ ማብሪያና ማጥፊያውን የሚገለብጥ ሰው አለ እንበል። አራስ ልጅ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ሕፃኑ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቀንና ሌሊትን የሚለይ የሰውነት ሰዓት ገና አላዳበረም፤ ሆዱም ትንሽ ነውና ቶሎ ቶሎ መጥባት አለበት። የወላጁ የእንቅልፍ ግፊት ወደ መነሻው ሳይመለስ በማግስቱ ቀሪው ላይ ሌላ ይታከልበታል።

ውጤቱ ቀላል አይደለም። በ2003 በታተመ የላቦራቶሪ ጥናት ለ14 ሌሊት በየቀኑ 6 ሰዓት ወይም ከዚያ በታች ብቻ እንዲተኙ የተደረጉ ሰዎች የንቃት ብቃታቸው እስከ 2 ሌሊት ፈጽሞ ካልተኛ ሰው ብቃት ጋር ተስተካክሎ ተገኝቷል። ይበልጥ የሚያስገርመው ግን ተሳታፊዎቹ የብቃታቸውን መውረድ በሚገባ አለመገንዘባቸው ነው፤ «ለመድሁት» የሚል ሰው የለመደው ድካሙን ሳይሆን ድካሙን አለማየትን ነው። በ2000 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ከ17 እስከ 19 ሰዓት ሳይተኛ የቆየ ሰው የሚያሳየው ዝግመት በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር እንደሚመሳሰል አመልክቷል። ሌሊቱን ልጅ ሲያባብል አድሮ ጠዋት መሪ የሚጨብጥ አባት ይህን ቢያውቅ መልካም ነው።

ስሜትም አይተርፍም። በ2007 የወጣ የአንጎል ምስል ጥናት አንድ ሌሊት ሳይተኙ ላደሩ ሰዎች ደስ የማያሰኙ ሥዕሎች ሲታዩአቸው አሚግዳላ የተባለው፣ ፍርሃትንና ቁጣን ከመሳሰሉ ስሜቶች ጋር የተያያዘው የአንጎል ክፍል፣ ከተኙት ሰዎች 60 በመቶ በበለጠ እንደሚቀሰቀስ አሳይቷል። የፈሰሰ ወተት የሚያስለቅሰው ለዚህ ነው።

ይህ ሁኔታ ስንት ጊዜ ይቆያል? ከ4,600 በላይ ጀርመናውያን ወላጆችን ለዓመታት ተከታትሎ በ2019 የታተመ ጥናት እንዳመለከተው እናቶች በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ከእርግዝና በፊት ይተኙት ከነበረው በአማካይ 1 ሰዓት ያህል፣ አባቶች ደግሞ ሩብ ሰዓት ያህል ያጣሉ። የመጀመሪያው ልጅ ከተወለደ ከ6 ዓመት በኋላ እንኳ የሁለቱም እንቅልፍ ሙሉ በሙሉ ወደ ቀድሞው አልተመለሰም። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ልዩነት፣ በዚህ ጽሑፍ አቅራቢ አስተያየት፣ አባቶችን ሊያሳፍር ይገባል።

በአገራችን ልማድ አራስ ቤት የሚባለው ጊዜ ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። እናት፣ እኅት፣ አክስትና ጎረቤት ተሰባስበው ገንፎ ሲያገነፉ፣ ሕፃኑን ሲቀበሉና አራሷን ሲያስተኙ በሌላ አነጋገር የእንቅልፍ ዕዳዋን እየተካፈሉላት ነበር። ዛሬ በከተማ ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ ይልቁንም በዋሽንግተን ወይም በስቶክሆልም፣ ባልና ሚስት ብቻቸውን ልጅ ሲያሳድጉ ዕዳውን የሚካፈል ሦስተኛ ሰው የለም።

ስለምን ጉዞ?

እንዲህ ባለው ሌሊት የሚመጣው ትዝታ ለምን የሥራ ቀን ወይም የፈተና ውጤት ሳይሆን ብዙ ጊዜ ጉዞ ይሆናል? መልሱን ለማግኘት ሂፖካምፐስ ወደሚባለው፣ ከጆሯችን ከፍ ብሎ ወደ ውስጥ በግራና በቀኝ ወደሚገኘው ጥንድ የአንጎል ክፍል መሄድ ይኖርብናል። በ1953 ሄንሪ ሞሌሰን የተባለ አሜሪካዊ የሚጥል በሽታውን ለማዳን በተደረገለት ቀዶ ሕክምና የሁለቱም ወገን ሂፖካምፐስ አብዛኛው ክፍል ተወሰደበት። ከዚያ በኋላ እስከ ሞተበት እስከ 2008 ድረስ አዲስ ገጠመኝን በትውስታው ማኖር አልቻለም፤ ከቀዶ ሕክምናው ብዙ ቀደም ብለው የተከናወኑትን ነገሮች ግን ያስታውስ ነበር። አዲስ ትውስታ ለመቅረጽ ሂፖካምፐስ አስፈላጊ መሆኑ የታወቀው በዚህ አሳዛኝ አጋጣሚ ነው።

በሌላ በኩል በ1971 ጆን ኦኪፍ በአይጥ ሂፖካምፐስ ውስጥ እንስሳዋ አንድ የተወሰነ ቦታ ላይ ስትደርስ ብቻ የሚተኩሱ ነርቭ ሴሎች መኖራቸውን ዘገቡ። በ2005 ደግሞ ማይ-ብሪት ሞሰር፣ ኤድቫርድ ሞሰርና ባልደረቦቻቸው ከሂፖካምፐስ አጠገብ ባለው ክፍል ቦታን ባለ ስድስት ማዕዘን መረብ አድርገው የሚለኩ ሴሎች አገኙ። ሦስቱ በ2014 የኖቤል ሽልማትን ተጋርተዋል። እንግዲህ የት እንዳለን የሚነግረንና ምን እንደገጠመን የሚጽፍልን ይኸው የአንጎል አካባቢ ነው ማለት ነው። ጉዞ ደግሞ ሁለቱንም በአንድነት ያሠራዋል፤ ቦታው በየሰዓቱ ይለወጣል፣ ገጠመኙም አዲስ ነው። ለአዲስ ነገር አንጎል ዶፓሚን የተባለውን ኬሚካል በመልቀቅ የሚቀረጸውን ትውስታ ያጸናዋል።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ የመጀመሪያ ልጁን ያገኘው ለዶክትሬት ትምህርት በስዊድን ሳለ ነበር፤ ፀሐይ ከቀትር በኋላ 9 ሰዓት ሳይሞላ በምትጠልቅበት ክረምት። በዚያ ሌሊት ልጁን ታቅፎ ሲቆም በቅርቡ የጎበኛቸው የአውሮፓ ከተሞች ትዝ አላሉትም። ትዝ የሚለው በተማሪነቱ ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በአውቶቡስ ሲጓዝ ዓባይ በረሃን የወረደበት ቀን ነው። መንገዱ ከጎሐ ጽዮን እስከ ወንዙ ድረስ 1,400 ሜትር ያህል ቁልቁል ይወርዳል። የከባቢ አየር ሙቀት በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ በ6.5 ዲግሪ ስለሚለዋወጥ ብርድ ላይ ጋቢ ደርቦ የተሳፈረ ሰው ድልድዩ ጋ ሲደርስ በ9 ዲግሪ የሚበልጥ ሙቀት ያገኘዋል። የአየሩም ግፊት በአንድ አምስተኛ ገደማ ስለሚጨምር ጆሮ ይደፈናል፤ ምራቅ ሲውጡ «ጧ» ብሎ ይከፈታል። የጋለ ፍሬን ሽታ፣ ከኋላ ወንበር የሚሰማ የሽማግሌ ጸሎት፣ በመስኮት በኩል በየጠመዝማዛው ከግራ ወደ ቀኝ የሚዞር ገደል፣ ሽቅብ ወጥቶ ደጀን ሲደርሱ የሚጠጣ ሻይ፤ ዓይን፣ ጆሮ፣ አፍንጫና ቆዳ በአንድነት የመዘገቡት ቀን ነው። አንድ ትውስታ የሚጠራባቸው መንገዶች በበዙ ቁጥር ተመልሶ መምጣቱም ይቀላል። በልብስ መስቀያው ላይ የተንጠለጠለ ጋቢ ብቻውን በቂ ነበር።

የሙቀቱ ትዝታ በክረምት መምጣቱ እንኳ አጋጣሚ ላይሆን ይችላል። በ2012 በታተሙ ተከታታይ ጥናቶች ሰዎች ቀዝቀዝ ባሉ ቀናትና ክፍሎች ውስጥ ትዝታ ይበልጥ እንደሚቀሰቅሳቸው፣ ትዝታ ውስጥ የገቡትም ያሉበትን ክፍል ሙቀት ከሌሎቹ ከፍ አድርገው እንደሚገምቱ ታይቷል።

ዕድሜም የራሱ ድርሻ አለው። በዕድሜ የገፉ ሰዎች ሕይወታቸውን ሲያስታውሱ ከ10 እስከ 30 ዓመት ባለው ዕድሜ የገጠማቸው ነገር ከሌላው ዘመን በርክቶ ይገኛል። ብዙ ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ የሚከናወነው በዚህ ዕድሜ ነውና። በአንጻሩ ድካም ላይ ያለ ወላጅ ዛሬን የሚመዘግበው በደበዘዘ ብዕር ነው። በ2007 የታተመ ሌላ ጥናት እንቅልፍ ያጡ ሰዎች አዲስ ሥዕሎችን ሲያጠኑ ሂፖካምፐሳቸው በደከመ ሁኔታ እንደሚሠራና በኋላም ጥቂቱን ብቻ እንደሚያስታውሱ አሳይቷል። በዚህ ላይ ቀኖቹ እርስ በርሳቸው ይመሳሰላሉ፤ ሽንት ጨርቅ፣ ጡጦ፣ ልቅሶ፣ ሽንት ጨርቅ። የዛሬው ገጽ ሲደበዝዝ ከ15 ዓመት በፊት በደማቅ ቀለም የተጻፈው ገጽ ጎልቶ ቢታይ የሚያስገርም አይደለም። (ከፈተና በፊት ሌሊቱን ሙሉ ሲያጠና የሚያድር ተማሪ ይህን አንቀጽ ደግሞ ቢያነበው አይጎዳም።)

መጽናናቱ እውነት ነውን?

«የሐሳብ ምሳ አያጠግብም» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ነገር ግን መጽናናቱ በሰውነት ውስጥ ሊለካ የሚችል ነው። በ2014 የታተመ ጥናት ሰዎች መልካም የሕይወት ትዝታቸውን ሲያስቡ ስትሪያተም የተባለውና ሽልማት ስናገኝ የሚሠራው የአንጎል ክፍል እንደሚነቃ አሳየ። ተሳታፊዎቹ ጥቂት ገንዘብ እንኳ ትተው መልካሙን ትዝታ ማሰብን መርጠዋል። እነዚያው ተመራማሪዎች በ2017 አንድ እርምጃ ወደፊት ሄዱ። ተሳታፊዎች እጃቸውን በጣም ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ እንዲነክሩ ተደርጎ ለውጥረት ከተጋለጡ በኋላ ከፊሎቹ መልካም ትዝታ፣ ከፊሎቹ ደግሞ ስሜት የማይሰጥ ገጠመኝ እንዲያስቡ ተጠየቁ። መልካሙን ያሰቡት ሰዎች በውጥረት ጊዜ የሚመነጨው ኮርቲሶል የተባለው ሆርሞናቸው እንደ ሌሎቹ አልናረም፤ ስሜታቸውም የተሻለ ነበር።

ከዚህ ጋር ብቸኝነት መጠቀስ አለበት። ትዝታን የሚያጠኑ የሥነ ልቦና ሊቃውንት እንደደረሱበት የትዝታ ታሪክ ብዙውን ጊዜ ባለታሪኩ ብቻውን የሚገኝበት አይደለም፤ ወዳጅና ዘመድ ይገኙበታል። ሰዎች በብቸኝነት ጊዜ ወደ ትዝታ የሚያዘነብሉትም ለዚህ ነው ይላሉ። በአውቶቡሱ ውስጥ ዳቦ ቆርሳ ለማታውቀው ተማሪ የሰጠች እናት ስሟ አይታወቅም፤ ነገር ግን ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ከቤቱ ሰው ሁሉ ቀድማ የምትደርሰው እርሷ ናት።

ትዝታ የሚጻፍበት ማሽን

አሁን ደስ የማያሰኘውን ክፍል እናንሳ። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ የተሠሩ ኮምፒዩተሮች መረጃን የሚያከማቹት በጥቃቅን የማግኔት ቀለበቶች ነበር። እነዚህ ቀለበቶች አንድ እንግዳ ጠባይ ነበራቸው፤ መረጃው ሲነበብ ይጠፋል። ስለዚህ ማሽኑ ያነበበውን ሁሉ ወዲያውኑ መልሶ ይጽፈው ነበር። የሰው ትውስታ ቀለበት አይደለም፣ ሲታወስም አይጠፋም። ይሁን እንጂ በ2000 ካሪም ናደርና ባልደረቦቻቸው በአይጦች ላይ ባደረጉት ምርምር የጸና ትውስታ ሲቀሰቀስ ለተወሰነ ጊዜ ተመልሶ እንደሚላላና ዳግመኛ መጽናት እንደሚያስፈልገው አሳይተዋል። በዚህ የመላላት ጊዜ ትውስታው ሊለወጥ ይችላል። ደጋግመን የምናስበው ጉዞ እንግዲህ ደጋግመን የጻፍነው ጉዞ ነው።

ሲጻፍም ይታረማል። በ1997 የታተመ ጥናት ወደ አውሮፓ የ12 ቀን ጉዞ ያደረጉና በካሊፎርኒያ ለ3 ሳምንት በብስክሌት የተጓዙ ሰዎችን ከጉዞው በፊት፣ በጉዞው መካከልና ከጉዞው በኋላ ጠየቀ። ጉዞው ከመጀመሩ በፊት መልካም ነበር፤ ካለቀም በኋላ መልካም ነበር፤ ብዙ ቅሬታ የተሰማው መካከሉ ላይ ነው። ከዚህም ሌላ የመጥፎ ገጠመኝ ስሜት ከመልካሙ ፈጥኖ እንደሚደበዝዝ ተደጋግሞ ታይቷል። ከላይ በተገለጸው የዓባይ በረሃ ጉዞ የአውቶቡሱ ጎማ ፈንድቶ መንገደኛው ሁሉ በጠራራ ፀሐይ 3 ሰዓት ቆሟል፤ ውኃም አልነበረም። አንባቢ ልብ ብሎ እንደሆነ በትዝታው ዝርዝር ውስጥ ይህ አልተጠቀሰም።

አደጋው ያለው ማነጻጸሩ ላይ ነው። ተወልውሎና ተስተካክሎ የተቀመጠውን ያለፈ ጊዜ ገና ካልታጠበው ከዛሬ ጋር የሚያወዳድር ወላጅ ውድድሩን ሁልጊዜ ይሸነፋል፤ «ያኔ ነፃ ሰው ነበርሁ» ማለትም ይጀምራል። ትዝታው ያኔ ማጽናናቱን ትቶ ማስከፋት ይጀምራል። በድባቴ ሕመም ላይ ላሉ ሰዎች ደግሞ መልካም ትዝታን ማሰብ ብዙ ጊዜ ስሜታቸውን እንደማያነሣው ጥናቶች ያመለክታሉ። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚለው በታዳጊ አገሮች ከወለዱ እናቶች 19.8 በመቶ የሚሆኑት የአእምሮ ጤና መታወክ፣ በተለይም ድባቴ ያጋጥማቸዋል። ከአምስት እናቶች አንዷ ማለት ነው። ለሳምንታት የማይለቅ ኀዘን፣ ተስፋ መቁረጥ፣ ለልጁ ስሜት ማጣት ወይም ራስን የመጉዳት ሐሳብ ሲታይ የሚያስፈልገው የጤና ባለሙያ እንጂ የጉዞ አልበም አይደለም። ጤናማውም ሰው ቢሆን ትዝታ አዴኖሲኑን አያስወግድለትም፤ ከቡና የተሻለ ነገር አይሠራም ማለት ነው። ዕዳው የሚከፈለው በእንቅልፍ ብቻ ስለሆነ ሕፃኑን ለ2 ሰዓት የሚይዝ ዘመድ ከየትኛውም ትዝታ ይበልጣል።

ዐሥራ ሦስት ደቂቃ

ዘመዱ እስኪመጣ ድረስ ግን ሕፃኑ እያለቀሰ ነው። በ2022 በጃፓን የሚመራ የተመራማሪዎች ቡድን 21 ሕፃናትን በመሣሪያ እየተከታተለ ምን እንደሚያረጋጋቸው መረመረ። ታቅፎ ዝም ብሎ መቀመጥ ብዙም አልረዳም። ታቅፎ ለ5 ደቂቃ በተስተካከለ እርምጃ መራመድ ግን ልቅሶውን ጸጥ አደረገ፤ ከሕፃናቱም ከፊሎቹን አስተኛ። በአንቀልባ አዝለው ደጅ ለደጅ የሚመላለሱ እናቶች ይህን ለመገንዘብ የልብ ምት መለኪያ አላስፈለጋቸውም። የተኛውን ሕፃን ወዲያው ማስተኛት ግን ሊያነቃው ይችላል፤ ተመራማሪዎቹ እንደሚመክሩት ታቅፎ ከ5 እስከ 8 ደቂቃ ተቀምጦ እንቅልፉ እስኪጠልቅ መጠበቅ ያስፈልጋል።

በእነዚያ 8 ደቂቃዎች ወላጁ መነሣት አይችልም፤ መብራት ማብራትም ሆነ ስልክ መነካካት ልጁን ይቀሰቅሳል። ትዝታ የሚመጣው በዚህ ጊዜ ነው። ጥናቶቹ ከሚያሳዩት በመነሣት «የድሮው ዘመን» ብሎ በጅምላ ከማሰብ ይልቅ አንድ ቀን፣ አንድ ቦታ መምረጥና ዝርዝሩን በስሜት ሕዋሳት ተራ በተራ መጥራት ይሻላል፤ በመጀመሪያ ሙቀቱን፣ ቀጥሎ ሽታውን፣ ከዚያም ማን አጠገባችን ተቀምጦ እንደነበር። የፈነዳውን ጎማም ቢሆን ማስታወስ አይከፋም። ከጎሐ ጽዮን እስከ ድልድዩ ያለው ቁልቁለት በሐሳብ ሲወርዱት 8 ደቂቃ ያህል ይፈጃል፤ ሕፃኑ ታች ሳይደርሱ ከነቃ ከላይ መጀመር ነው።